ከዜሮ በታች

ከሞተ ድፍን አስራ አንድ ዓመቱ፣
ሰቃ ላይ ወለደ፣ ሐሙስ ለት በሌሊቱ፤
ኮርማው።
ሥጋው ተበልቷል፤ ቆዳው የት እንደደረሰ እንጃ።
ጥጃዋን ከነእትብቷ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤
ያባቷ ነጭ ምልክት ግንባሯ ላይ ነበር፤ ሥራዬ ሆኖ እንኳ ገረመኝ።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ የብረት ጋን ከሞተሬ ኋላ አስሬ፣
ከጅማ ማና፣ ከማና ቀርሳ፣ ቀይ አፈር ለብሼ መዞሬ።
ጋኑ ውስጥ ያለው ብርድ የሐምሌ ብርድ አይደለም፤
ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት። እዚያ አይመሽም፤ አይነጋም፤ ነገ የሚባል የለም።
ክዳኑን ስከፍት ጉም ይወጣል፤ እንደ ጭስ ሽቅብ አይሄድም፤
ጫማዬ ላይ ይወርዳል፤ ቁልቁል ነው የለመደው፤ ሰማይ አይወድም።

የጥጃዋ ባለቤት አባ ፎጊ፣ ጋኑን ሲያዩ ቆይተው፣
«ተማም፣ እንዳትዋሸኝ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን አሳንሰው፤
«ይሄ ነገር ሰፋ ብሎ ቢሠራ ኖሮ፣
ነዚፌን ባስተኛው፣ ለኩላሊቱ መድኃኒት እስኪገኝ
መቶ ዓመት ቢያድር ታሽጎ፣ ታስሮ፣
ይነሳ ነበር?»

ዘር ኢምንት ናት አልኳቸው፤ ብርዱ ባንድ አፍታ ይውጣታል።
ሰው ግን ሰፊ አገር ነው፤
ቆዳው ጋ የገባ ብርድ ጉበቱ ዘንድ ሳይደርስ ይመሽበታል።
ውሃ ነን፤ ውሃ ሲረጋ መርፌ ያበቅላል፤
መርፌውም የውስጣችንን ስስ ግድግዳ አንድ ባንድ ይበሳል።
ከሄርማታ የገዛሁት አቮካዶ ፍሪዘር ውስጥ ተረስቶ፣
ሳወጣው ድንጋይ፤ ሲቀልጥ ጭቃ፤ ጣልኩት። ሌላ ምን ሊደረግ ከቶ?

«የሰው ሽል ግን ያቀዘቅዛሉ፤ ሬዲዮ ሰምቻለሁ።»
እውነት ነው። «ሽል ነዚፍን አያክልም» አልኩ፤ ነዚፍን አውቀዋለሁ፤
የእኛን ቤት በር ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው።
መርፌውን የሚከለክል፣ ገላን መስተዋት የሚያደርግ ፈሳሽ አለ ይባላል፤
አለ። መስተዋት ግን ይሰነጠቃል።

ደግሞ ይሄን ማንም አይጠይቅም፤ ናይትሮጅን ይተናል፤
ባይነኩትም ይጎድላል።
ነሐሴ ላይ ማምረቻው ተበላሽቶ፣ አስራ ዘጠኝ ቀን በልመና፣
በእንጨት እየለካሁ፣ ሦስት ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ጋኑ ሥር ተኛሁና፣
ሁለት ኮርማ ዳግመኛ ሞቱብኝ።
አላለቀስኩም። ለኮርማ ማን ሁለቴ ያለቅሳል?

«መቶ ዓመት ማን ይሞላልዎታል፣ አባቴ? እኔ? ልጄ? የልጄ ልጅ?
ለማያውቀው ሬሳ ብርድ ሊቀዳ በሌሊት የሚነሳ፣ ከየት ይመጣል ያ ወዳጅ?
ቢነሳስ? ሰቃ ገበያ ወጥቶ ‹የአባ ፎጊ ቤት› ብሎ ቢጠይቅ፣
ማን ሊያውቅ?»

ዝም አሉ። ላሚቱ ጥጃዋን ስትልስ ብቻ ይሰማ ነበር።
«ትንሣኤ አልጠየቅኩህም» አሉ በመጨረሻ፤ «እሱ የአላህ ነው።
እኔ የጠየቅኩት ቀጠሮ ነው።»

ከኮታቸው ኪስ የሆስፒታሉን ካርድ አወጡ፤ ጠርዙ ተበልቷል።
ቀጠሮ፦ ታኅሣሥ አስራ ሁለት።
ልጁ የሄደው ኅዳር አጋማሽ ነው፤
ጠዋት አርፎ፣ ዐስር ሶላት ሳይደርስ አፈር ለበሰ።
«ቸኮልን» አሉ፤ «ደንቡ ነው፤ ቸኮልን።»
ከዚያ፣ «ክፈተው» አሉኝ።
ከፈትኩት። ጉሙ የላስቲክ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።
ካርዱን ዘረጉልኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።
የመሥሪያ ቤቱ ደንብ አይፈቅድም።
በፌስታል ጠቅልዬ ከኮርማዎቹ ጎን አወረድኩት።

ይሆናል? አይሆንም? ከሞተ ኮርማ ጥጃ የተቀበለ እጅ፣
አይሆንም ብሎ አይምልም፤ ይሆናልም ብሎ አያውጅ።
ሰኞ ሰኞ ብቻ ጋኑን እሞላለሁ፤
ለኮርማዎቹ ነው እላለሁ።
ውጭ ሚያዝያ ነው፤ ዝናቡ ጀምሯል፤ ጥጃዋ ሣር ለምዳለች።
ውስጥ ግን፣ ከጉሙ ሥር፣
ታኅሣሥ አስራ ሁለት
ገና አልደረሰም።